ኮታና አንጃ

በ1913 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የተካሄደ የኮሚኒስት ፓርቲ ጉባኤ ለሰባታሚት ገበሬ ምኑ ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ «ሰባታሚት ልሄድ ነው» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ታሠረ?» ተብሎ ነው። እዚያ ያለው ማረሚያ ቤት የቦታውን ስም ወስዶታል። የባጃጁ ሾፌርም ይህንኑ ጠየቀኝ። የታሠረ ሰው እንደሌለኝ፣ የምፈልገው የደርግን ዘመን የእህል ኮታ የሚያስታውስ ሽማግሌ እንደሆነ ስነግረው በመስታወቱ አየት አደረገኝና «እሱማ በየቤቱ አለ» አለኝ።

ያገኘኋቸው አዛውንት ግቢ ከፊት ለፊቱ ጫትና በቆሎ፣ ከጓሮው ጎተራ አለው። ጎተራዋ በጭቃና በእበት የተለሰነች፣ ከታች በድንጋይ ከፍ ያለች፣ የሣር ክዳን የደፋች ናት። «ይቺ ልጇ ናት፤ እናቷ ፈርሳለች» አሉኝ እየሳቁ። የፈረሰችውን ግን አልረሷትም። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ከካድሬ ጋር መጥተው ክዳኗን ገለጥ ያደርጉና ረጅም ዘንግ ይሰዱባታል። ዘንጉ ሲወጣ የእህሉ ብናኝ እስከየት እንደደረሰ ይታያል፤ በዚያ ተገምቶ ይጻፋል።

«ዘንግ አይዋሽም ይሉን ነበር» አሉ አዛውንቱ። «እኔም ዘንግ የማይደርስበት ጉድጓድ ነበረኝ።»

ኮታው የሚወርደው ከላይ ነው፤ ከክፍለ ሀገር ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ገበሬ ማኅበር፣ ከዚያ በነፍስ ወከፍ ይደለደላል። ገዢው መንግሥታዊው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነው፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው መንግሥት ነው። እህሉን በአህያ ጭኖ እስከ ሚዛኑ ማድረስ የገበሬው ፈንታ ነው። አንድ ዓመት አዛውንቱን በረዶ መታቸው። ያን ዓመት ወይፈናቸውን ሸጠው ከሌላ ገበሬ በድብቅ ጤፍ ገዙ፤ ያንኑ ጤፍ ወስደው ከገዙበት ባነሰ ዋጋ ለመንግሥት አስረከቡ። «በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚሸጥ ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ ልጄ? እኔ ነኝ።»

«በረዶ መታኝ፤ ኮታውን ግን አልመታውም።»

ይህን ታሪክ ከጎጃም እስከ አርሲ የሚያወጉ ብዙ ናቸው። እኔን ወደ ሰባታሚት የወሰደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የአዛውንቱን ወይፈን የበላው ሕግ በተወለደበት አገር ከዚያ ከ60 ዓመት በፊት ተሞክሮ፣ ከስሮ፣ በፓርቲ ጉባኤ ተሽሯል። የሻረውም ካድሬዎቻችን «መምህራችን» የሚሉት ሌኒን ራሱ ነው።

ሞስኮ፣ የካቲት 29 ቀን 1913 ዓ.ም.

እዚህ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ናቸው፤ ጎጃምን ራስ ኃይሉ ይዘዋል። ሞስኮ ደግሞ የሩሲያ ኮሚኒስት ፓርቲ 10ኛ ጉባኤውን ይከፍታል። በፈረንጆቹ ማርች 8 ቀን 1921 ነው፤ ጉባኤው እስከ ማርች 16፣ ማለት እስከ መጋቢት 7 ይቆያል። ድምፅ ያላቸው ጉባኤተኞች ወደ 700 ይጠጋሉ።

ቦልሼቪኮቹ የእርስ በርስ ጦርነቱን አሸንፈዋል። ያሸነፉት ግን ገበሬውን ገፈው ነው። በዚያ ዘመን የታጠቁ እህል ሰብሳቢ ጓዶች ከከተማ ይወጡና ለመንደሩ የተመደበውን ኮታ ይዘው ይመለሳሉ፤ ሲከፋ ዘሩን ጭምር። በየመንገዱ ኬላ ተተክሎ የግል እህል የሚያመላልሰውን ይይዛል። ገበሬው መልሱን በሁለት መንገድ ሰጠ። አንደኛው የሚዘራውን መሬት መቀነስ ነው፤ ትርፍ ከሌለ የሚወሰድም የለም። ሁለተኛው ጠመንጃ ነው። ታምቦቭ በሚባለው አውራጃ አንቶኖቭ የተባለ ሰው የመራው የገበሬ አመፅ ጉባኤው ሲከፈት ገና አልበረደም።

ይህም ሳያንስ ጉባኤው ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ከፔትሮግራድ ፊት ለፊት ባለችው የክሮንሽታት ደሴት ያሉ መርከበኞች ተነሡ። እነዚህ በፈረንጆቹ የ1917ቱ አብዮት መኩሪያ የነበሩ ናቸው። ጥያቄያቸውን ዛሬ ስናነበው ከጎጃም የመጣ አቤቱታ ይመስላል፤ ሶቪየት የሚባሉት ሸንጎዎች በምስጢር ድምፅ እንደገና ይመረጡ፣ የታሠሩ ሶሻሊስቶች ይፈቱ፣ ገበሬው በመሬቱ ላይ እንዳሻው ይሥራ፣ የመንገድ ኬላዎቹ ይነሡ።

ጉባኤው 300 ያህል አባላቱን መርጦ ወደ ክሮንሽታት አዘመተ። ባሕሩ በረዶ ነበር። ወታደሮቹ ነጭ ካባ ደርበው በሌሊት በበረዶው ላይ ተሻገሩ። ደሴቲቱ የወደቀችው ጉባኤው በተዘጋ ማግሥትና በሠልስቱ ነው።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ውሳኔ

ከዚያ አዳራሽ ዛሬም የሚነሡ ሁለት ውሳኔዎች ወጡ። አንዱ ገበሬውን ፈታ፤ ሌላው ፓርቲውን አሠረ።

የመጀመሪያው ነጠቃውን ሻረ። ገበሬው አስቀድሞ የሚያውቀው፣ ከቀድሞው ኮታ ያነሰ ግብር በዓይነት ይከፍላል፤ የተረፈው የራሱ ነው፤ ገበያ አውጥቶ ይሽጠው ተባለ። አዲሱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ የሚባለው ከዚህ ጀመረ። ለቮልጋ ገበሬ ግን ውሳኔው ዘግይቶበታል፤ ድርቅ ተጨመረበትና በዚያው ዓመትና በቀጣዩ የረገፈው ሕዝብ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ከዚያ የተረፈው አገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እህል ማየት ጀመረ።

ሁለተኛው ውሳኔ «ስለ ፓርቲው አንድነት» ይባላል። በፓርቲው ውስጥ ተቧድኖ የራስን አቋም ይዞ መቆም ተከለከለ። ለምን በዚያ ሳምንት? ፓርቲው ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ እንደ መርካቶ ሲንጫጫ ነበር። ሽልያፕኒኮቭና አሌክሳንድራ ኮሎንታይ የሚመሩት «የሠራተኞች ተቃዋሚ» ፋብሪካው በሠራተኛ ማኅበር ይመራ ይላል፤ ትሮትስኪ ማኅበራቱ እንደ ጦር ይደራጁ ይላል፤ ሌሎችም ሌላ ይላሉ። ኮሎንታይ ሐሳቧን በትንሽ መጽሐፍ አሳትማ ጉባኤው ላይ አሠራጭታለች። ይህን እንደ ጤና ምልክት ማየት ይቻል ነበር። ሌኒን እንደ በሽታ አየው። የእሱ ስሌት፣ በዓመቱ ጉባኤ ላይም እንዳስረዳው፣ ከወታደር ቤት የተወሰደ ነው፤ ወደፊት የሚገፋ ጦር ትንሽ ቢዝረከረክ አይጎዳም፣ የሚያፈገፍግ ጦር ከተዝረከረከ ግን ያልቃል። ለገበሬው እየለቀቅን ስለሆነ እርስ በርሳችን እንጥበቅ ማለቱ ነው።

ስሌቱ ሞኝነት አይደለም። ችግሩ ጊዜ አልተቆረጠለትም።

ከውሳኔው ነጥቦች 7ኛው ለብቻው ተቀምጦ ለሕዝብ ሳይነገር ቀረ። ማዕከላዊ ኮሚቴው የተቧደነ አባሉን፣ በጉባኤ የተመረጠም ቢሆን፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማባረር ይችላል የሚል ነው። ይህ ነጥብ የታተመው ሌኒን በሞተበት ወር፣ በጃንዋሪ 1924 ነው፤ ያኔ ሰይፉ ያረፈው ትሮትስኪ ላይ ነበር። ውሳኔውን የተቃወሙት ጉባኤተኞች 30 እንኳ አልሞሉም። ካርል ራዴክ የተባለው ነገረኛ ተነሥቶ፣ ይህ ነገር አንድ ቀን በራሳችን ላይ ሊዞር እንደሚችል ይሰማኛል፣ ቢሆንም እደግፋለሁ የሚል ሐሳብ ሰጠ። ራዴክ የሞተው በስታሊን እስር ቤት ነው። ሽልያፕኒኮቭ በፈረንጆቹ 1937 ተረሸነ። ለውሳኔው ያጨበጨቡት ዚኖቪዬቭና ቡኻሪንም እንዲሁ ተረሸኑ። ትሮትስኪን ሜክሲኮ ድረስ ተከትለው በመጥረቢያ ገደሉት። ከተወገዙት መካከል አልጋዋ ላይ የሞተችው አምባሳደር ሆና አገር ለአገር የኖረችው ኮሎንታይ ናት።

ራዴክ ሰይፉን አየው፤ ለሰይፉም ድምፅ ሰጠ።

ቃሉ አገር ሲያቋርጥ

ባሕር ዳር ውስጥ ሶቪየት ሲባል የሚታየው «ፖሊ» ነው። ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነው፤ ያውም በጃንሆይ ዘመን። ንጉሡ በ1951 ሞስኮ ሄደው ከተመለሱ በኋላ የመጣ ፍሬ ነው። ከኮሚኒዝም በፊት የመጣልን የኮሚኒስቶቹ ኮንክሪት ነበር ማለት ነው። ዛሬ ተቋሙ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

በሶቪየት ኅብረት የተማሩ፣ በከተማዋ ለረጅም ጊዜ ያስተማሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ጣና ዳር ቡና እየጠጣን በጉባኤው የተከለከለው መቧደን በሩሲያኛ ምን እንደሚባል ነገሩኝ፤ ፍራክጽያ። «እኛ ‹አንጃ› አልነው። ትርጉሙ ልክ ነው። ግን በሩሲያኛ ክስ ነው፤ በአማርኛ ስድብም ሆነ። በኋላማ የሞት ፍርድ።»

የሞት ፍርድ ያሉት ለማጋነን አይደለም። የስድሳዎቹ ተማሪዎች ማርክስንና ሌኒንን የሚያነቡት በእንግሊዝኛ፣ ተደብቀው፣ በውይይት ክበብ ነው። ከእነሱ የወጣው መኢሶን ጀርመን አገር ተመሠረተ፤ ኢሕአፓም እንዲሁ። ሁለቱም ትክክለኛው የሌኒን ልጅ እኔ ነኝ ባዮች ናቸው። በ1969 ደርግና ኢሕአፓ በየጎዳናው ሲገዳደሉ፣ ኢሕአፓ ውስጥ የከተማውን የትጥቅ ትግል የተቃወሙት ብርሃነመስቀል ረዳና ጌታቸው ማሩ «አንጃ» ተባሉ። ጌታቸው በራሱ ድርጅት ሰዎች ቁጥጥር ሥር ሳለ ተገደለ። ብርሃነመስቀል ወደ መርሐቤቴ ሸሸ፤ በኋላ በደርግ እጅ ወድቆ ተገደለ። አንድን ሰው ሁለት ጠላቶች በአንድ ጊዜ ሲፈልጉት ማየት የዚያ ዘመን ጉድ ነው።

ቃሉ ከደርግ ጋር አልሞተም። በ1993 ሕወሓት ሲሰነጠቅ ከማዕከላዊ ኮሚቴው የወጡት 12 ሰዎች፣ ተወልደ ወልደማርያም፣ ስዬ አብርሃ፣ ገብሩ አስራትና ጓደኞቻቸው፣ በሬዲዮም በጋዜጣም «አንጃው» ሆኑ። ከሞስኮው አዳራሽ 80 ዓመት ያህል አልፎታል። ሶቪየት ኅብረት የሚባል አገር ከጠፋ እንኳ 10 ዓመት ሊሞላ ነበር።

አምስቱ የጷጉሜን ቀናት

የእኛው ትልቁ ጉባኤ በ1976 የዋለው በጷጉሜን ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) መሥራች ጉባኤ ከጷጉሜን 1 እስከ 5፣ ደመወዝ በማይቆጠርባት ወር ተጀምሮ አለቀ። ከዚያ በፊት ኢሠፓአኮ የሚባለው አደራጅ ኮሚሽን በ1972 ተቋቁሞ ሁለት ጉባኤ አድርጓል፤ ፓርቲ ለመመሥረት አምስት ዓመት የፈጀው ሞስኮ «ፓርቲ ያለው መንግሥት» ስለወደደች፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግን ከሥራቸው ሌላ ጉልበት እንዳይበቅል ስለፈሩ ነው የሚሉ አሉ። እኔም የምስማማው ከእነሱ ጋር ነው።

ጷጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። ሰማይ ይከፈታል ተብሎ ልጆች ዝናቡ ውስጥ ራቁታቸውን የሚቦርቁበት ቀን። ያን ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቹ ዝናብ ሲጠመቁ፣ አዳራሹ ውስጥ ሪፖርት ይነበባል፤ ጉባኤተኛው ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ከሞስኮ ግሪጎሪ ሮማኖቭ፣ ከምሥራቅ ጀርመን ኤሪክ ሆኔከር መጥተዋል። የጀርመኖቹ ስጦታ የካርል ማርክስ ሐውልት በዚያው ሰሞን ተመረቀ፤ ዛሬም አለ። የሌኒኑ በግንቦት 1983 በገመድ ተጎትቶ ወርዷል። 11 ሙሉ አባላት ያሉት ፖሊት ቢሮ ተሰየመ። መንግሥቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

የሞስኮውን 10ኛ ጉባኤ ከዚህ ጋር ሳስተያይ የሚገርመኝ ጩኸቱ ነው። እዚያ ሰዎች ይሰዳደባሉ፤ ይከራከራሉ፤ ድምፅ ይቆጠራል፤ ከዚያ ክርክርን ይከለክላሉ። እኛ የወሰድነው ክርክሩ ከተከለከለ በኋላ ያለውን ጉባኤ ነው። ጭብጨባውን ብቻ። ሪፖርቱ ሲነበብ ወሎ ውስጥ ሰው እየረገፈ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ያን ቀዳሚ አጀንዳ ይሁን ያለ አልተገኘም። እንግዶቹ ከሄዱ ከአንድ ወር ከግማሽ በኋላ የቢቢሲ ካሜራ ኮረምን ለዓለም አሳየ።

ኬላ

ጎጃም ስለ እህሉና ስለ መሬቱ ሲነካ ዝም የሚል አገር አይደለም። በ1960 አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ፣ መሬት ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊነካ ነው ብሎ ሸፍቶ ንጉሡን አስገድዶ አስመልሷል። ደርግ ሲመጣ ግን በየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ ያወጣ መንግሥት ሆኖ፣ ገበሬውንም በማኅበር አደራጅቶ ነው። ኮታው የመጣው በዚያው ማኅበር በኩል ነው፤ እምቢ የሚባለው ባለሥልጣን ሳይሆን የጎረቤት ልጅ ሆነ።

በጎጃምና በአርሲ የግል እህል ነጋዴ ጨርሶ ከመሥመሩ እንዲወጣ ተደረገ። በየመንገዱ ኬላ ቆመ፤ ከአውራጃ አውራጃ አንድ ኬሻ ጤፍ ማሻገር ወንጀል ሆነ። ክሮንሽታት ላይ «ይነሣልን» የተባለው ኬላ፣ ሌኒን ያነሣው ኬላ፣ በሌኒን ስም በእኛ መንገድ ላይ ተተከለ።

ይህን ስጽፍ አንዲት የባሕር ዳር እናት ያሉኝን ብዘለው ልክ አይሆንም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደመወዝ ስድስት ልጅ አሳድገዋል። «የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ባይኖር ልጆቼ አያድጉም ነበር። በኩፖን ጤፍ፣ በኩፖን ስኳር። ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም።» የመጣው ከሰባታሚቱ ዘንግ ሥር ነው። እኚህን እናት የሚወቅስ አንደበት የለኝም፤ ረሃብ ያየ ከተማ እንዲህ ነው የሚያስበው። ፔትሮግራድም እንዲሁ አስቦ ነበር።

የቀድሞ ካድሬ የነበሩ ሰው ደግሞ አሁንም አልተጸጸቱም። «ጦሩን ማን ይቀልበው? ነጋዴው ነው? ጦርነት ላይ ነበርን» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ እህሉ ጦሩንና ከተማውን ቀልቧል። ስለ 10ኛው ጉባኤ ጠየቅኋቸው። ወዲያው «የአንድነቱ ውሳኔ!» አሉ፤ በፖለቲካ ትምህርት ቤት ተምረውታል። ስለ ግብሩስ? ትንሽ አሰቡ። «ጊዜያዊ ማፈግፈግ ነው ተብለን አለፍነው።»

«የአንድነቱን ተማርነው። የእህሉን አለፍነው።»

ኮታው የተሻረው በየካቲት 1982 መጨረሻ ነው። መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ የእህል ገበያው ተለቀቀ፤ ኢሠፓ ስሙን ለወጠ። ከሞስኮው ውሳኔ 69 ዓመት ዘግይቶ፣ ጦሩ እየፈረሰ፣ ገበሬው ልቡን ካነሣ በኋላ። አዋጁ ሰባታሚት ሲደርስ አዛውንቱ በሬዲዮ አልሰሙትም። ያወቁት እህል ገዢው ነጋዴ ቤታቸው ድረስ መጥቶ «ስንት ትላለህ?» ሲላቸው ነው። «ስንት እንደምል ጠፋኝ» አሉኝ። «ስንት ዓመት ሙሉ የተነገረኝን ብቻ ነው የምለው።»

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 2005

ያኔ ገዢው ግንባር የነበረው ኢሕአዴግ 9ኛ ድርጅታዊ ጉባኤውን ያደረገው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ መለስ ዜናዊ ካረፉ በኋላ የመጀመሪያው። እንደ ሞስኮው መጋቢት ላይ፤ ልክ በ92 ዓመቱ። ማዕከላዊ ኮሚቴ፣ ሥራ አስፈጻሚ፣ ሂስና ግለ ሂስ፣ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት፤ ቃላቱ ሁሉ እዚያው ነበሩ። ቀዩ ባንዲራ ብቻ ነው የሌለው። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ፣ በ2011 መባቻ የግንባሩ አባል ብአዴን በዚሁ ከተማ ስሙን ወደ አዴፓ ቀየረ፤ በዓመቱ ግንባሩ ራሱ የለም። በሙሉ ድምፅ የሚያጨበጭብ አዳራሽ ስንጥቁን የሚያውቀው ግድግዳው ሲወድቅ ነው።

32ኛ ቅጽ

ሰባታሚት ተመልሼ ሄድኩ። አዛውንቱ በቆሎ እየፈለፈሉ ነው። የሞስኮውን ነገር ከጀመርኩት አይቀር ጨርሼ ነገርኳቸው፤ ጓዶቹ እህል ሲነጥቁ፣ ገበሬው መዝራት ሲያቆም፣ መርከበኛው ሲያምፅ፣ ትልቁ ሰውዬ ራሱ «ተሳስተናል፣ ግብር ይክፈልና የቀረውን ይሽጥ» ሲል። እጃቸው በቆሎው ላይ ቆመ።

«መቼ ነው ይህ?»

«በ1913። በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜ።»

«እንግዲያ የእኔ ወይፈን ከመወለዱ በፊት ነዋ!» ትንሽ ዝም አሉና፣ «ይህን ወረቀት ማን ደበቀብን?» ብለው ጠየቁኝ።

ማንም አልደበቀውም። በእንግሊዝኛ በታተመው የሌኒን ሥራዎች ስብስብ፣ ስለ ፓርቲው አንድነት ያረቀቀው ውሳኔና በእህሉ ግብር ላይ ለጉባኤው ያቀረበው ሪፖርት የሚገኙት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው። 32ኛው ቅጽ።